እኛ ክራክ አለን፤ ኦፕን ሶርስ ምን ያደርግልናል?

መገናኛ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ላፕቶፕ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከውጭ ረዳቶቹ «ኮተቤ፣ ካራ! ቦሌ፣ ቦሌ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከውስጥ እሱ በአንድ እጁ ዊንዶውስ እየጫነ በሌላው ስልክ ይመልሳል። አንድ ቀን አሮጌ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና «ኡቡንቱ ጫንልኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ጎደለብህና?»

«ነፃ ነው እኮ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ዊንዶውስስ መቼ ከፍለህበት ታውቃለህ? ኦፊሱ በነፃ፣ ፎቶሾፑ በነፃ፣ ፀረ ቫይረሱ በነፃ። አንተ የምትከፍለው የእጄን ነው። ኡቡንቱም ብጭንልህ ያው የእጄን ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?»

መልስ አልነበረኝም። ላፕቶፔን ተቀብዬ ወደ ታክሲ ሰልፉ ወጣሁ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ የዘገየ መልሴ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንመን፦ ልጁ ልክ ነው። ስለ ኦፕን ሶርስ የሚጽፉ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚያነሱት ዋጋን ነው። «ለዚህ ፕሮግራም በየዓመቱ ይህን ያህል ዶላር ትከፍላለህ፤ ያኛው ግን በነፃ ነው» ይሉሃል። ይህ ክርክር ለበርሊንና ለቦስተን ይሠራል፤ መገናኛ ሲደርስ ግን ይወድቃል። እኛ ዘንድ ሁሉም ነፃ ነው። ሕጋችን እንዲህ አይልም፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ዘፈን የቅጂ መብት ሰጥቶታል። ኑሯችን ግን ሌላ ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ በእጁ የሌለው ተማሪ የፎቶሾፕን ወርሃዊ ክፍያ ልክፈል ቢልስ በምን ይከፍላል?

ስለዚህ ዋጋውን እንተወውና ወደ ሌላው ጉዳይ እንሂድ። ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ተከራዮች ነን

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ዝግ ሶፍትዌር ምን እንደሆነ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። አከራዩ ግድግዳው ላይ ምስማር አትምታ ይላል። ውኃው ቢቆም ቧንቧውን ራስህ መፍታት አትችልም። ቤቱን ልሸጠው ነው ካለህ ዕቃህን ትሸክማለህ። ዝግ ሶፍትዌርም እንደዚሁ ነው። በሕጋዊ መንገድ ከፍለህ ብታገኘው እንኳ የተሰጠህ የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ባለቤትነቱ አይደለም። ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ሶርስ ኮድ ማየት፣ ማስተካከል፣ አስተካክለህም ለጓደኛህ መስጠት አይፈቀድልህም። ክራክ የምናደርገው እኛ ደግሞ ከተከራይም እናንሳለን፤ አከራዩ ሳያውቅ በጓሮ በር ገብተን የምናድር ነን።

ኦፕን ሶርስ የእድር ድንኳን ማለት ነው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ የአባላቱ ሁሉ ነው። ማንም ሲቸግረው ይወስዳል። የተቀደደ ካለ መርፌ ያለው ይሰፋዋል፤ የተሰፋው ድንኳን ደግሞ ለሚቀጥለው ለቅሶ ያገለግላል።

ይህ ሐሳብ የተወለደው ፕሪንተር በመበላሸቱ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ ፕሮግራመር የሚሠራበት የኤምአይቲ ቤተ ሙከራ ከዜሮክስ ኩባንያ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ተሰጠው። ማሽኑ ወረቀት እየነከሰ ያስቸግራል። ስቶልማን የቀድሞውን ፕሪንተር ኮድ አስተካክሎ፣ ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎት ነበር። አዲሱ ግን ያለ ኮዱ ነው የመጣው። ኮዱ ያለው ሰው ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ «ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» ተባለ። በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን ነፃ ሲስተም የመሥራት ዕቅዱን አወጀ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ ሊኑክስን ጨመረበት። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በዚያ ሊኑክስ ላይ ነው። «ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም» የምትሉ ሰዎች፣ ይህን የምታነቡት ምናልባት በእሱ ላይ ነው።

የጓሮ በር ዋጋ

ክራክ ነፃ ነው የሚለውን ደግሞ በደንብ እንየው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ የጫነ ሰው አፕዴቱን ያጠፋዋል፤ ካላጠፋው ይነቃበታላ። በግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የሰዎችን ፋይል ቆልፎ ቤዛ ሲጠይቅ፣ የገባበት ቀዳዳ ከሁለት ወር በፊት መድኃኒት ወጥቶለት ነበር። የተጠቁት መድኃኒቱን ያልወሰዱት ናቸው። ያን ያህል ርቀን መሄድ ባያስፈልገንም፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሹን ሰክቶ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ያላገኘ ማን አለ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በየማሽኑ አይገባም፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። መገናኛ ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ስንቱ ይህን ያሟላል? ማሽኑ ይሠራል፣ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ባትሪውም ይይዛል። አከራዩ ግን ውጣ ብሏል። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ የዚህ ዕጣ ደርሶት ነው ኡቡንቱ ፍለጋ የወጣሁት። አዲሱ ኡቡንቱ ቢከብደው እንኳ ለአሮጌ ማሽን ተብለው የተዘጋጁ ቀላል የሊኑክስ ዓይነቶች አሉለት፤ አፕዴታቸውም በሕጋዊ መንገድ ይመጣል።

ሌላም ዋጋ አለ፤ የሙያ ዋጋ። የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያዎቻችንን አንብቡ። «ፒችትሪ የሚችል» ይላሉ። በየማሠልጠኛው የሚሰጠውም ፒችትሪ ነው። የሶፍትዌሩ ባለቤት ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ፒችትሪ የሚለውን ስም ትቶ «ሴጅ 50» ካለው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ባለቤቱ የረሳውን ስም ሲቪያችን ላይ ይዘን ሥራ እንፈልጋለን። በዩኒቨርሲቲም መመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ሁሉም ክራክ የተደረገ ኤስፒኤስኤስ ፍለጋ ይሮጣል። አር የተባለው ክፍት የስታቲስቲክስ መሣሪያ ግን በትልልቅ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት ነው፤ ተማሪው ተመርቆ ሲወጣም ከእሱ ጋር ይወጣል። ሕጋዊ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር «የለመድከው ሶፍትዌር ፈቃድ የለንም» አይባልም።

ፊደላችን የተቆለፈበት ዘመን

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

አያቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ኮተቤ ነው የሚኖሩት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር፣ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ለጸሐፊ ሰጡ። ጸሐፊዋ በዘመኑ ከነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች በአንዱ ተየበችው። ስሙን አልጠራውም። ወረቀቱ በየቤት ለውጡ አለቀ፤ የተረፈው ከፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ሲገለባበጥ የቆየው ፋይል ነው። ዛሬ ስከፍተው የማየው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና የባዶ ሣጥን ክምር ነው። አያቴ ባየኋቸው ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ቃል ነው፦ «ተከፈተ?»

ለምን አልተከፈተም? ለኮምፒውተር አንድ ፊደል ማለት አንድ ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ለላቲን የሚበቃ ነው። የእኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። እነ ሏ፣ ሟና ቋ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ቁጥሮች፣ ሥርዓተ ነጥቦቹም ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱን ዘዴ ፈጠረ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ፎንት አስቀመጠ። ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለያይቶ አስቀምጦ ሲጻፍ አገጣጠማቸው። አንዱ ጋ «ሀ» የሆነው ቁጥር ሌላው ጋ «ቶ» ነው። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እያልን የምናስታውሳቸው ሥራዎች የመጡት በዚህ ዘመን ነው።

ሠሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ የግዕዝ ፎንት (ኒያላን ማለቴ ነው) አብሮ ያወጣው በቪስታ ነው፤ ለሕዝብ የቀረበውም እ.ኤ.አ. በ2007። ግዙፎቹ ዞር ብለው ባላዩን ጊዜ የአማርኛ ጋዜጣና መጽሐፍ በኮምፒውተር እንዲወጣ ያደረጉት የእኛው ሰዎች ናቸው። ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ አሠራሩ ነው። ሠንጠረዡ በእያንዳንዱ ቤት ተቆልፎ ሲቀመጥ፣ ቤቱ ሲዘጋ ፊደሉም አብሮ ይቆለፋል። የአያቴ ፋይል የተቆለፈው እንዲህ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ በሩን ክፍት አድርገው የሠሩ ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት ለመወከል የሚያስችል ስምምነት አዘጋጅተው ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቁት። ስሙ በእንግሊዝኛው ምኅጻር «ሴራ» ይባላል። ምናልባት በአገራችን ታሪክ በግልጽ የተካሄደ ብቸኛው ሴራ እሱ ነው።

ከዚያ ዩኒኮድ መጣ። ዩኒኮድ ራሱ ሶፍትዌር አይደለም፤ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ፣ ማንም አውጥቶ የሚያነበው ሠንጠረዥ ነው። የእኛ ፊደል በሦስተኛው ዕትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ 345 ምልክቶች ተመዘገቡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሀ» በማንኛውም ማሽን ላይ «ሀ» ነው። ዳንኤል ያዕቆብ የመሠረተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፎንት፣ የጉግል ኖቶ ኢትዮፒክ፣ ኪማን የተባለው የመተየቢያ ፕሮግራም፤ እነዚህ ሁሉ በዚያ ክፍት ሠንጠረዥ ላይ የቆሙ ናቸው። አቢሲኒካና ኖቶ የወጡት በክፍት የፎንት ፈቃድ ነው። ኪማን ለዓመታት የንግድ ሶፍትዌር ሆኖ ከቆየ በኋላ ኮዱ ክፍት ሆኗል። የአንድ ፊደል አጣጣል ካልጣማችሁ ፎንቱን ፈታችሁ አስተካክላችሁ በሌላ ስም ማውጣት ትችላላችሁ። ማንም አይከሳችሁም።

ለጠጋኙ ወዳጄ የምሰጠው የመጀመሪያው መልስ እንግዲህ ይኸውልህ። ክራክ ፕሮግራሙን ይሰጥሃል፤ ፋይልህን የሚያነብበትን ሠንጠረዥ ግን አይሰጥህም። ፕሮግራሙ ሲሞት የጻፍከው አብሮት ይሞታል። የክፍት ሶፍትዌር ሠሪው ቢሞት፣ ቢሰለቸው፣ ቢከስር እንኳ ኮዱ አለ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ይፈታዋል።

የመንግሥት ቢሮዎችም ገብቷቸዋል

ይህ የጥቂት ጊኮች ጨዋታ ከመሰላችሁ ኪሳችሁን ፈትሹ። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥራችሁ የሚሠራው ሞሲፕ በተባለ ኦፕን ሶርስ መድረክ ላይ ነው። ሞሲፕ የተሠራው ሕንድ ውስጥ በባንጋሎሩ ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ነው፤ ከዓላማዎቹ አንዱ አገሮች በመታወቂያ ጉዳይ የአንድ ሻጭ እስረኛ እንዳይሆኑ ማድረግ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኦፕን ሶርስ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበት ዲስፔስም እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሶፍትዌሩ ኮድ ክፍት መሆኑ መረጃችን በጥሩ እጅ መያዙን አያረጋግጥም። እሱን የሚያረጋግጠው ሕግና ተጠያቂነት ነው። ግን አገሪቱ ሻጭ መቀየር ብትፈልግ የዜጎቿን መዝገብ ለማስለቀቅ አትለምንም። ለአገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲያውም ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ በግብር ከፋዩ ብር የሚሠራ ሶፍትዌር ሁሉ፣ ለደኅንነት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር፣ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። አንዱ መሥሪያ ቤት ያሠራውን ሌላው እንደ አዲስ እየከፈለ ለምን ያሠራል?

«ግን እኮ...»

ግን የምትሉኝን አውቃለሁ፤ እኔም እላለሁ። ጂምፕ ፎቶሾፕን አያህልም፤ በተለይ ለኅትመት ለሚሠራ ሰው። ሊብረኦፊስ አንዳንዴ የወርድ ፋይል ሲከፍት ሠንጠረዡን ያዘባርቀዋል። ሊኑክስ የማያውቀው ዋይፋይና ፕሪንተር ያጋጥማል፤ መገናኛ ዞራችሁ የሚጠግን ቶሎ አታገኙም። ታላቅ ወንድሜ በተማሪነቱ የኡቡንቱ ሲዲ በፖስታ አስመጥቶ ነበር፤ ያኔ ኩባንያው ለጠየቀ ሁሉ በነፃ ይልክ ነበር፣ በ2011 (እ.ኤ.አ.) እስኪያቆም ድረስ። ሲዲው ቤታችን ውስጥ ያገለገለው ለብዙ ዓመት የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ነው። የሚያሳየው ሰው ከሌለ ነፃነት ብቻውን አያስተምርም።

ከዚህ የከፋም አለ። የእድር ድንኳን የሁሉም ነው ብያለሁ፤ ብረት ድስቱን የሚያጥበው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሊኑክሶች የሚጠቀሙበት ኤክስዜድ የተባለ ትንሽ የፋይል ማጨቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኘ። የቀበረው ሰው በሐሰት ስም፣ ከሁለት ዓመት በላይ እያገዘ፣ ያለ ክፍያ ፕሮጀክቱን ብቻውን ሲሸከም የደከመውን ባለቤት አመኔታ አግኝቶ ነው። ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። ወደ ማሽን ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቷ ከነከነው፣ ኮዱን ፈትሾ አገኘው። የማይክሮሶፍት ተቀጣሪ መሆኑ ነው ደስ የሚለው። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክፍት መሆን ከሌባ አያድንም። ሁለተኛ፣ ቤቱ ክፍት ስለነበር አንድ ተጠራጣሪ ጎረቤት ገብቶ ማየት ቻለ። በተዘጋ ቤት ቢሆን ያቺን ግማሽ ሰከንድ ማን ይከታተላታል?

እና ምን እናድርግ?

ነገ ጠዋት ሁላችሁም ዊንዶውስ ደምስሱ አልልም። ሦስት ትንንሽ ነገር ግን እለምናለሁ።

አንድ፦ የምትጽፉትን በዩኒኮድ ጻፉ። ቤታችሁ፣ እድራችሁ፣ ማኅበራችሁ ውስጥ በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ካለ፣ የሚከፍተው ማሽን ሳይሞት ዛሬውኑ ቀይሩት። ነገ ፎንቱም ሠሪውም አይገኙም።

ሁለት፦ ከምትጠቀሙባቸው ዝግ ፕሮግራሞች አንዱን ብቻ መርጣችሁ በክፍቱ ለውጡ። ተማሪ ከሆናችሁ አርን፣ ካርታ የምትሠሩ ከሆነ ኪውጂአይኤስን፣ ደብዳቤ ብቻ የምትጽፉ ከሆነ ሊብረኦፊስን። አንድ ወር ታገሡት።

ሦስት፦ ኮድ የምትችሉ፣ ከእድሩ ስትበሉ ድስት እጠቡ። የአማርኛ ትርጉም የጎደላቸው ክፍት ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ኮድ ባትችሉም አማርኛ ትችላላችሁ።

የአያቴ ፋይልስ? አንድ ጓደኛዬ በፓይተን (እሱም ኦፕን ሶርስ ነው) የድሮውን ቁጥር ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር አጭር ፕሮግራም ጻፈልኝ። አብዛኛው ተከፈተ። አንድ ችግር ግን ቀረ። ያ ሶፍትዌር ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፍሎ ነበር፤ ፋይሉ ሲገለባበጥ ደግሞ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው ምልክት ጠፍቷል። በአንዱ ፎንት «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ጠ» ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቃል ላይ ኮምፒውተሩ መወሰን አይችልም። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስለ ክፉ ቀን የምትናገር አንዲት አረፍተ ነገር «በመላ ነው የኖርነው» ልትሆን ትችላለች፤ «በጠላ ነው የኖርነው»ም ልትሆን ትችላለች።

አትሜ ኮተቤ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ አዩት።

«ሁለቱም እውነት ነው ልጄ» አሉኝ። «የጻፍኩት ግን በመላ ብዬ ነው።»

በእስክሪብቶ አረሙት። ሌላውን የምንጠይቀው እሳቸው እያሉ ነው። በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ ወደ መገናኛ ወረድኩና ለወዳጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ፍላሽ አወጣና «የትኛው ኡቡንቱ ነው ያልከኝ?» አለኝ።

የእጁን ከፍዬ ወጣሁ።